የቸርኬው ደወል

ከባንክ መስኮት በስተጀርባ የሚቀመጥ ሰው ከፊት ይልቅ እጅ ማየት ይለምዳል። የነጋዴ እጅ ብር ሲቆጥር፣ የተማሪ እጅ ቅጽ ሲሞላ፣ የእናቶች እጅ ከመቀነት ጫፍ የተቋጠረ ገንዘብ ሲፈታ እያየሁ ዓመታት አልፈዋል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ልቤን የሚይዘው የማኅተም ቀለም ነክቶ ከፊርማው ቦታ ላይ የሚያርፈው አውራ ጣት ነው። ስም አለው፤ ነገር ግን ስሙን አይጽፍም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ ሰኞ ማለዳ፣ አንድ ሽማግሌ የጡረታ ገንዘባቸውን ሊቀበሉ ከመስኮቴ ፊት ቆሙ። ቅጹን ሞላሁና «አባባ፣ እዚህ ላይ ጣትዎን ያሳርፉልኝ» አልኳቸው። እርሳቸው ግን ጣታቸውን ወደ ቀለሙ አልሰደዱም። ወረቀቱን አነሡ፤ ገለበጡት፤ ጀርባውን ትኩር ብለው ተመለከቱና፣

«ከጀርባውስ ምን ይላል፣ ልጄ?» አሉኝ።

ቀና ብዬ ፊታቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ውድ አንባቢ፣ ይህች ጽሑፍ የዚያች ጥያቄ ታሪክ ናት። ጥያቄዋ ከእኔ ዕድሜ በፊት የጀመረች ስለሆነች፣ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ብነሣ ቅር እንደማይልህ ተስፋ አደርጋለሁ።

* * *

ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። በእኛ ሰፈር ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቶት የመንግሥት ትምህርት ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ ከየኔታ ዘንድ ይሰደዳል። የእኔም የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ግድግዳም ጣሪያም አልነበረውም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ያለ የዛፍ ጥላ ነበር። የኔታ ከድንጋይ መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ እኛ በዙሪያቸው መሬት ላይ። እያንዳንዳችን በካርቶን ላይ የተለጠፈች የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ፊደል ይዘን፣ በስንደዶ እየጠቆምን፣ ሁላችንም በየራሳችን ዜማ በአንድ ጊዜ እንጮኻለን። ለአላፊ አግዳሚው ጫጫታ ነው። የኔታ ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ሳለ፣ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል አንዲት የተሳሳተች ፊደል ለይተው ሰምተው ባለቤቷን በስሙ ይጠሩት ነበር።

ይህ ሥርዓት የብዙ ዘመናት ሀብት ነው። ልጁ ሀሁን ይቆጥራል፤ አቡጊዳን ይከተላል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየተመላለሰ ይዘልቃል፤ ዳዊት ደግሞ ሲፈጽም የቤተ ሰቡ ደስታ ነው። ቀጥሎ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት ይጠብቁታል። ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ናትና፣ ከዲማ፣ ከደብረ ኤልያስ፣ ከደብረ ወርቅ ጉባኤ ለመዋል ከሩቅ አውራጃ አኩፋዳ አንጠልጥሎ የሚመጣው ተማሪ ብዙ ነበር። እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በእነዚህ ጉባኤዎች ተመላልሰው፣ ኋላ አዲስ አበባ ወርደው ዘመናዊ ትምህርት ተምረው፣ በጊዜው የትምህርት ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ ወደ ሰብለ ወንጌል ቤት የሚገባው በሀብት ወይም በጉልበት ሳይሆን በመምህርነት መሆኑን ሳስብ፣ ፊደል በአገራችን የቱን ያህል በር ከፋች እንደነበረ ይታየኛል።

ሆኖም ያ በር ለሁሉ አልተከፈተም። የቤተ ክህነት ትምህርት አገልጋይ ለማፍራት የቆመ ነበርና፣ ከብት የሚጠብቀው ልጅና ውኃ የምትቀዳው ልጅ በአብዛኛው ከጥላው ውጪ ቀሩ።

* * *

ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የተሰየመውን ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ግድም ሲያስከፍቱ፣ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። የአገሩ ካህናት ከአውሮፓ በሚመጣ መምህር ሃይማኖት ይበረዛል ብለው ስለሠጉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ልጆች መምህራንን አስመጡ። የትምህርቱ ዋና ክፍልም የውጭ ቋንቋ ነበር፤ ከዐድዋ በኋላ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚጻጻፍ፣ የሚተረጉም፣ የሚዋዋል ሰው ያስፈልግ ነበርና። የባንክ ሠራተኛ ነኝና አንዲት ነገር ልጨምር፤ የአቢሲንያ ባንክ ተመርቆ የተከፈተው በየካቲት 1898 ዓ.ም. ነው። ዘመናዊው ባንክ ዘመናዊውን ትምህርት ቤት በጥቂት ጊዜ ቀደመው ማለት ነው። ጣት እያስፈረምኩ ስውል ይህ ቅደም ተከተል ትዝ ይለኛል።

በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ግና ገና ጥቂት ሺህ ተማሪ ሳይወጣ ጠላት ገባ። በአምስቱ ዓመት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮም ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ እየተለቀሙ ተገደሉ። አገር ከነጻነት በኋላ ትምህርትን የጀመረችው እንደገና ከሀሁ ነበር። ትምህርት ቤት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ደረሰ፤ ወደ ገጠሩ ግን ገና አልደረሰም።

ወደ ገጠሩ በብዛት የወጣው ተማሪው ራሱ ነው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ስድሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተሰማሩ። ከዚያም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሽማግሌው ከልጅ ልጁ ጎን ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ፤ በ1972 ዓ.ም. ማብቂያም ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት ተቀበለ። ያ ዘመን ብዙ ደም የፈሰሰበት፣ ብዙ ወጣት የረገፈበት ዘመን ነው፤ ይህን መርሳት አይገባም። በዚያው ዘመን ግን በኩራዝ ብርሃን ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው ገበሬ ደስታም እውነት ነበር። ታሪክ ሁለት ፊት ያለው ወረቀት ነው።

* * *

እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በ1988 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ ይውል ስለነበር፣ በአንደኛው እርከን አንዱ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምር ነበር። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያስተማሩንም አንዲት መምህርት ናቸው፤ «እትዬ» ነበር የምንላቸው። አማርኛውም፣ ሒሳቡም፣ መዝሙሩም፣ ጥፍር መቁረጡም በእርሳቸው እጅ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን ነበረው። በአንድ ዴስክ አራት ሆነን እንቀመጣለን። ክረምት መውጫ ላይ ዝናብ ከቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የእትዬ ድምፅ ይጠፋና፣ እርሳቸውም ጠመኔውን አስቀምጠው ፈገግ ብለው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃሉ። ከደብተራችን ጀርባ የታተመውን የማባዛት ሠንጠረዥ በዜማ እንወጣዋለን። በዕረፍት ሰዓት ሴቶቹ ሰኞ ማክሰኞና ሱዚ፣ ወንዶቹ ብይና የጨርቅ ኳስ። ከበሩ ውጪ የተቀቀለ ሽምብራ በጣሳ እየሰፈሩ የሚሸጡ እናት ነበሩ፤ አምስት ሳንቲም ለጎደለበት ልጅ ከመስፈር የተመለሱበትን ቀን አላስታውስም።

ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሌላ መምህር ነበሩን፤ አባባ ተስፋዬ። ቴሌቪዥን በሰፈራችን ከአንድ ቤት በቀር አልነበረምና፣ ጫማችንን በራፍ ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ ተደርድረን እንጠብቃቸዋለን። ተስፋዬ ሣህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተመሠረተበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ለአራት ዐሥርታት ያህል ለልጆች ተረት ሲነግሩ የኖሩ የመድረክ ሰው ናቸው፤ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይተውኑም ነበር። በ2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ከእኔ ጋር ያዘኑት የእኔ እኩዮች ብቻ አልነበሩም፤ እናቴም፣ እኅቴም፣ የእኅቴም ልጅ አብረው አለቀሱ። አንድ ሰው የሦስት ትውልድ ልጅነት ሆኖ ኖሮ ነበር።

* * *

የትምህርት ቤታችን ደወል ከግራር ዛፍ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። የሚደውሉትም ዘበኛው ናቸው። አባባ እንላቸዋለን። ካኪ ካፖርት፣ የጎማ ጫማ፣ እጃቸው ላይ የማትለይ የብረት ቁራጭ። ማለዳ ሦስት ጊዜ መትተው ያሰልፉናል፤ ሰንደቅ ዓላማ ስትሰቀል ቆባቸውን አውልቀው በተጠንቀቅ ይቆማሉ። ያረፈደ ልጅ ሲያዩ የመጨረሻዋን ምት ጥቂት ያዘገዩለታል። ይህን የምናውቀው እኛ አርፋጆቹ ብቻ ነበርን።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በ1991 ዓ.ም.፣ አገር በጦርነት ላይ ነበረች። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተነሣው ጦርነት ከየሰፈሩ ወጣት ወስዶ ነበር፤ የአባባም የበኩር ልጅ ከዘመቱት አንዱ ነበር። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጠሩኝ። ከካፖርታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጡና፣ «አንተ የኔ ጌታ፣ እስቲ እቺን አንብብልኝ» አሉኝ።

ጓደኞቼ ኳስ ጀምረው ነበር፤ እየጠሩኝም ነበር። ጽሕፈቱ የተጨናነቀ፣ ረጅም ነው። የመጀመሪያውን ገጽ እየተንተባተብኩ አነበብኩ። ሰላምታው፣ የዘመድ ወዳጁ ስም ዝርዝር፣ «እኔ ደኅና ነኝ» የሚለው። ገጹ ሲያልቅ ቀጣዩ ከጀርባው እንዳለ አየሁ። «በቃ፣ አለቀ አባባ፤ ደኅና ነው» ብዬ ወረቀቱን መለስኩላቸውና ወደ ኳሴ ሮጥኩ።

በማግሥቱ እትዬ ከሰልፍ በኋላ ለብቻዬ አስቀሩኝ። አባባም በራፉ ላይ ቆመው ነበር። የተቆጡ አይመስሉም። «እትዬ፣ ልጁን አይቆጡብኝ» አሉ፤ «እኔ ማንበቡን አላውቅም፤ ግን ወረቀቱ በሁለቱም ፊት ቀለም አለው። እርሱ ያየው አንዱን ፊት ብቻ ነው።»

መሬት አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እትዬ የደብዳቤውን ጀርባ እንዳነበው አዘዙኝ። ልጁ ከነበረበት ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወሩ እንደሆነ ይናገራል። ከመዛወራቸው በፊት ለዚህ ደብዳቤ መልስ ቢደርሰው፣ የእናቱን ጤንነት ቢያውቅ እንደሚወድ ይጠይቃል። እናቱ ያን ሰሞን ታማ ነበር፤ እርሱም ሲሄድ በአልጋ ላይ ትቷት ነበር። እኔ ለኳስ ብዬ የዘለልኩት ይህን ነበር።

እትዬ ዱላ አላነሡም። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበሉኝና እዚያው መልሱን አስጻፉኝ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ዓርብ፣ ከትምህርት በኋላ፣ ከግራሩ ሥር እየተቀመጥኩ የአባባን ደብዳቤ አንብቤ መልስ እንድጽፍ ፈረዱብኝ። ቅጣት ነበር፤ ኋላ ግን ዓርብን የምናፍቅ ሆንኩ። አባባ ቃላቸውን መርጠው ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ሲጨርሱ «አሁን አንብብልኝ፤ ጀርባውንም» ይላሉ። እንደ ዛሬው ግጥም ልሞክር ብዬ ከመነሣቴ በፊት፣ አንድ ቃል ከሌላው እንደሚከብድ ያስተማሩኝ አንዱ እኒያ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው።

ፊደል ያልቆጠሩ ስል ግን እውነቱን አጎደልኩ። አንድ ዓርብ አባባ ከቤታቸው አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ነበር። ተወልደው ባደጉበት ገጠር፣ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ተምረው፣ ተፈትነው አልፈው ነበር። «ያኔ ስሜን እጽፍ ነበር» አሉኝ። «ከዚያ ወዲያ የሚነበብ ነገር ከቤቴ አልገባም። ፊደሉም እንደ እንግዳ አንድ አንዱ እየተነሣ ሄደ።»

ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ እርሳቸውም በ1971 ዓ.ም. የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ ዘምተው እንዳስተማሩ አጫወቱኝ። «አስተማርናቸው፤ ወረቀት ሰጠናቸው፤ ተሰነባበትን። መጽሐፍ ግን አልተውንላቸውም» አሉ። የንባብ ቤቶች በአንዳንድ ቦታ ተከፍተው ነበር፤ የሚበቃ መጽሐፍና የሚያዘልቅ ክትትል ግን በየመንደሩ አልደረሰም። ዘመቻውም በሰባዎቹ ማብቂያ ላይ ከአገሩ ሁኔታ ጋር እየደከመ ሄደ። ስለዚያ ዘመን በጻፍን ቁጥር የተማሩትን እንቆጥራለን። ተምረው የረሱትን የሚቆጥር ግን እምብዛም አይገኝም። ፊደል እንደ ቡቃያ ነው፤ ዘርተውት ከሄዱ ይደርቃል።

* * *

በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። የአባባ ልጅ ከዚያ በኋላ ተመለሰ፤ እናቱም ተርፋ ተቀበለችው። ደብዳቤ ቀረ፤ የእኔም ዓርብ አብሮ ቀረ። እኔ ወደ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። በሄድኩበት ሁሉ የሰማሁት ደወል ኤሌክትሪክ ነበር፤ አርፋጅ የሚጠብቅ ደወል ግን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደዚያች ሰኞ ማለዳ ልመለስ። «ከጀርባውስ ምን ይላል፣ ልጄ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ከኋላቸው ወረፋው እስከ በሩ ደርሶ ነበር። በቅጹ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የታተመ የአገልግሎት ውል አለ፤ እኔም በዓመታት ሥራዬ ለማንም አንብቤው አላውቅም። ያን ቀን ግን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ቀስ ብዬ፣ የማይገባውን እያብራራሁ አነበብኩላቸው። ከወረፋው ማጉረምረም ተሰማ። አባባ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ ጣታቸውን ከቀለሙ ነክተው አሳረፉ። ከዚያ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩና፣

«ዛሬስ ሁለቱንም ፊት አነበብክ» አሉኝ።

አውቀውኝ ነበር። ከመነሻውም አውቀውኝ ነበር።

* * *

እንዲህ ያለውን ትዝታ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት፣ በ2016 እና በ2017 የትምህርት ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ፤ ከፊሎቹም ተጎዱ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ሰባት ዓመት ሞልቷቸው ያለ ሀሁ፣ ሦስተኛ ክፍል የደረሱትም የያዙትን እየረሱ ዋሉ። ስለ ወንድማማቾች ጠብ ፍርድ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ፊደል አንድ አንዱ እየተነሣ ሲሄድ እንዴት እንደሆነ ከአባባ አፍ ሰምቻለሁ። በሠላሳ ዓመቱ ተምሮ የረሳ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ስሙን ጽፏል። በሰባት ዓመቱ ደወል ሳይሰማ የሚያልፍ ልጅ ነገ በእኔ መስኮት ፊት ሲቆም፣ በእጁ ወይም በዘመኑ ስልክ ላይ የሚያሳርፈው ጣት ብቻ ይኖረዋል። የወረቀቱን ጀርባ ማን ያነብለታል?

የኔታ ከጫጫታው መካከል አንዲት ፊደል ይሰሙ ነበር። እትዬ ያለ ዱላ ይቀጡ ነበር። የሽምብራዋ እናት ጎደሎ ሳንቲም ይቀበሉ ነበር። አባባ ለአርፋጁ ደወል ያዘገዩ ነበር። እኔን ሰው ያደረጉኝ እነዚህ ናቸው፤ ውድ አንባቢ፣ አንተንም ያሳደጉህን ቆም ብለህ ብታስባቸው ከእነዚህ ብዙ የማይርቁ ይመስለኛል። ውለታቸውን የምንከፍልበት መንገድ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ከደወል አለማራቅ ነው።

በመጨረሻም፣ በሥራ ሰዓት ከተሰረቀ ጥቂት ደቂቃ ላይ ከተበላሸ ቅጽ ጀርባ የጫርኳትን ግጥም ትቼ ልሰናበት።

ሁሉን ወደ ውስጥ ጠርቶ፣ ውጪ ለቀረ ሰው፣
የፊደልን ዕዳ ማን ነው የሚመልሰው?
እኔ ፊደል ቆጥሬ አንዱን ገጽ ስዘለው፣
እርሱ ሳይቆጥር አየ ጀርባም ቃል እንዳለው።
ደወሉ ዝም ቢልም ዛፉ ላይ ተሰቅሎ፣
ልጆች ይጠብቃል ነገ ይመጣሉ ብሎ።

ቸር እንሰንብት።